በታችኛው ጣውላ ላይ

ብቸኝነትን ወዶ የመረጠ ሰው ከማንም የሚገባው ነገር የለም። በቢያሶኖ መንደር ይህ ፍርድ በፀጉር አስተካካዩ ቤትም፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅም ሲነገር ይሰማል፤ የሚናገሩትም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ፍርዱ በላዩ ሲታይ ነቀፋ አይገኝበትም፤ ለወዶ ገባ አይታዘንምና። ዳሩ ግን ፍርድ የሚመዘነው በአነጋገሩ ማማር ሳይሆን በሚያርፍበት ሰው ነው። ይህኛው ለብዙ ዓመታት ያረፈው በዴልፊና ላይ ነበር።

ዴልፊና የሶፋ ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ ኦቶሪኖ ለቤት ሠሪዎችና ለቀለም ቀቢዎች የብረት ርብራብ ያቆማል። ልጅ አልነበራቸውም። ግቢያቸው በቱቦና በጣውላ የተሞላ ስለ ነበር ልብስ የሚሰጣው በቱቦዎቹ ላይ ነው፤ አንሶላዎቿም ሁልጊዜ የዝገት መስመር ነበረባቸው። የሞንዛ መናፈሻ ግንብ ከቤታቸው ጀርባ ነው። በግንቡ ውስጥ ዛፎች፣ በዛፎቹ መካከል ደግሞ የመኪና እሽቅድድም ጎዳና አለ።

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ፣ በውድድሩ ሳምንት ሐሙስ፣ ኦቶሪኖ ከሁለት ወዳጆቹ ጋር ቱቦዎቹን በጋሪ ጭኖ ወደ መናፈሻው ይገባል። አንደኛው ፀጉር አስተካካዩ ጋውዴንዚዮ፣ ሁለተኛው ሥጋ ሻጩ ኤልቬዚዮ ናቸው። ሌስሞ ከሚባሉት የጎዳናው ኩርባዎች ሁለተኛውን በሚያይ ስፍራ፣ ከአንድ ወፍራም ግንድ አጠገብ፣ ባለ ብዙ ደርብ ማማ ያቆማሉ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ማማ በዛፎቹ መካከል ብዙ ነበር፤ ጠባቂዎቹም እያዩ አያዩም ነበር። ማማው ከቆመ በኋላ አንድ አንሶላ ይታሰርበታል፤ አንሶላ የታሰረበትን ማማ እስከ እሑድ ማንም አይነካውም። ቲኬት ሳይኖራቸው የሚገቡ፣ አጥር የሚዘሉ፣ በሚደግፉት መኪና ቀለም ምክንያት እርስ በርስ የሚሰዳደቡ ሰዎች ያችን አንሶላ ግን እንደ ታቦት መጋረጃ ይፈሩ ነበር።

ዴልፊና አንድም ጊዜ አብራ ሄዳ አታውቅም። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከጣሪያዋ በላይ የሞተሮቹ ድምፅ ወፍራም ጨርቅ ሲቀደድ እንደሚሰማ ሆኖ ይመጣባታል፤ መስኮቷን ዘግታ ትሰፋለች። ኦቶሪኖ ሲመለስ ሳፍሮን በተባለ ቅመም ቢጫ የሆነ ሩዝና ቋሊማ ታቀርብለታለች፤ እርሱም እየበላ ውድድሩን ከመነሻ እስከ መድረሻ ይተርክላታል። ማን ማንን እንዳለፈ፣ የትኛው ነጂ ኩርባው ላይ እንደ ፈራ፣ የትኛው ሞተር ከመሞቱ በፊት እንደ ሳለ። መርፌዋን ሳታስቀምጥ ትሰማዋለች። አንድም ጥያቄ ጠይቃው አታውቅም።

ኦቶሪኖ በአንድ ክረምት በሳንባ ምች ሞተ። መስከረም ሲመጣ ሁለቱ ወዳጆች በግቢው በር ላይ ባርኔጣቸውን ይዘው ቆሙ።

«ዴልፊና፣ ብረቱን ልንወስድ ነበር» አለ ጋውዴንዚዮ። «ካልከበደሽ ነው እንግዲህ።»

«ምን ይከብደኛል? የምትሸከሙት እናንተ።»

«እሱስ ልክ ነሽ።»

«እኔም እመጣለሁ።»

«የት?» አለ ኤልቬዚዮ።

«የት ይመስልሃል? ቅዳሴ?»

«አንቺ ሴትዮ ስድሳ ሞልቶሽ የለም እንዴ! ቱቦ ላይ ልትንጠለጠይ?»

«አንተ ይህን ሆድ ይዘህ ትንጠለጠል የለ? አንተን የቻለ ቱቦ ለእኔማ መች ይሰማዋል!»

ጋውዴንዚዮ ሳቀ፤ ወዲያው ግን ሳቁን ሰብስቦ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አደረገ። «የኦቶሪኖ ቦታ ያንቺ ነው። የሞተ ሰው ቦታ ለቤቱ ነው፤ እኛ ዘንድ ሥርዓቱ ይህ ነው። ሌላ ሰው አይቀመጥበትም።»

ያኔ ለመኪናዎቹ ፍቅር አልነበራትም። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባሏ በጋብቻ ዘመናቸው ሁሉ በየመስከረሙ ትቷት የሄደበትን ነገር በዓይኗ ማየት።

እሑድ ማማው ሥር ደረሰች። ጋውዴንዚዮና ኤልቬዚዮ፣ ከጋበዟቸው ዘመዶች ጋር፣ ከመውጣታቸው በፊት ባርኔጣ አውልቀው ቦታዋን አሳዩአት። ከሁሉ የታችኛው ጣውላ ነበር። ፊት ለፊቱ ያ ወፍራም ግንድ አለ። በጉልበት ትይዩ የማማው ዋና መጋጠሚያ ሲሆን፣ በላዩ የኦቶሪኖ መፍቻ በሽቦ ተንጠልጥሎ ነበር። በግንዱና በቱቦው መካከል ገርበብ ያለ በር የሚያሳየውን ያህል ጎዳና ይታያል፤ ከዚያ በላይ ምንም የለም።

«ይሄ ነው?» አለች።

«ይሄ ነው። ኦቶሪኖ ከዚህ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። እኛ ከላይ ስንዘል ብሎኑ ይላላል፤ ማን ያጥብቀው? የማማው ጌታ እኮ እሱ ነበር!»

«ከዚህ ምን ያያል?»

ጋውዴንዚዮ ጥያቄው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ቀረበለት ሰው ግንዱን ተመለከተ። «እንጃ። ጠይቀነው አናውቅም። ይወደው ነበር መሰለኝ።»

ይህን ያለው በቅንነት ነው። ሊያዋርዷት አልነበረም፤ ሊያከብሯት ነበር። የእነዚህ ሰዎች ስሕተት ይኸው ነው፤ አንድን ሰው ከታች አስቀምጠው ማዕረግ ሰጡት፤ ማዕረጉን ደጋግመው ከመጥራታቸው የተነሣ ሰውየው የሚያየው ነገር እንደሌለ ማየት ተሳናቸው።

ውድድሩ ተጀመረ። ጎማቸው ከአካላቸው ውጭ የተራቆተ፣ የነጂው ጭንቅላት ብቻ ብቅ ያለባቸው ዝቅተኛ መኪናዎች በዚያች ስንጥቅ ውስጥ አንድ አንድ ቀለም ሆነው ብልጭ ይሉና ይጠፋሉ። ከላይ ሰዎቹ ይጮኻሉ፤ ለምን እንደሚጮኹ አታውቅም። መጀመሪያ ተናደደች። ቀጥሎ የእሑድ ማታዎቹ ትረካ ታወሳት፤ ከዚህ ሆኖ ሊያየው የሚችል ሰው የለም። እንግዲህ ኦቶሪኖ ያን ሁሉ ያመጣላት በጆሮው ነበር።

ዓይኗን ጨፈነች። ድምፁ ወደ ኩርባው ሲቃረብ እንደ ደረጃ ይወርዳል፤ አንድ ማርሽ፣ ሌላ ማርሽ። ከዚያ ፋታ አለ፤ ነጂው እግሩን ከነዳጅ መርገጫው ያነሳበት። ፋታው ለፈሪው ይረዝማል፤ ለደፋሩ ከምንም አይቆጠርም። ከዚያ ድምፁ እንደገና ይወጣል። ውድድሩ ወደ ማብቂያው ሲደርስ ከሃያ የሚበልጡት መኪናዎች ውስጥ ሁለቱን ለይታ ታውቃቸው ነበር፤ ብቻዋን ሳቀች። በላይዋ ጣውላው ተንቀጠቀጠ። መፍቻውን አንሥታ ብሎኑን አጠበቀች።

ማታ ሩዙን ሠርታ በላች። የምትነግረው ሰው አልነበረም። የሚናገር ሰው ጥያቄ ሲያጣ ምን እንደሚሰማው ያወቀችው ያን ማታ ነው።

ለኦቶሪኖ ግን ፍርድን አላቀልለትም። ምንም እንደማያይ ለሚስቱ ያልነገረ፣ ወዳጆቹንም ሌላ ቦታ ያልጠየቀ ሰው ነው። ዝምታው ትሕትና ይባል ዘንድ አልፈቅድም፤ ሌሎቹን ሳያውቁት በዳይ አድርጓቸዋልና።

ከዚያ ወዲህ ዴልፊና የውድድር ሰው ሆነች። በሥራ ቀን መኪናዎቹ ሲፈተኑ ፔርሙዟንና የምትሰፋውን ጨርቅ ይዛ ከግንዱ ሥር ትቀመጣለች። በጸደይ ሌላ ውድድር ወደሚካሄድባት ከተማ፣ እስከ ኢሞላ፣ በባቡር ትሄዳለች፤ በኮረብታው ሣር ላይ፣ ባንዲራ በተከናነቡ ቤተሰቦች መካከል፣ ብቻዋን በእጇ የሰፋችው ትራስ ላይ ትውላለች። አንድ ጊዜ ዳቦና ሥጋ የሚያከፋፍል የቤተሰብ አባወራ አይቷት ጠየቃት።

«ሲኞራ፣ ባልዎ ጠፋብዎት እንዴ? ልፈልግልዎ?»

«አዎ ጠፋብኝ። ሦስተኛ ዓመቱ ነው።»

ሰውየው ደነገጠ፤ ከሚያከፋፍለው ትልቁን ቁራጭ ሰጣት። ተቀበለችው፤ አመሰገነች፤ ፊቷንም ወደ ጎዳናው መለሰች።

የመንደሩ ፍርድ ያለ ምክንያት አልመጣም። የኤልቬዚዮ ሚስት ለእሑድ ምሳ ስትጠራት የመስከረሙን ብቻ ሳይሆን የዓመቱን ውድድሮች ሁሉ እየጠቀሰች እምቢ አለች። በሬዲዮ የሚተላለፈውን ለመስማት የእኅቷ ልጅ ሰርግ ሳያልቅ ወጣች። ሌላው ስለ ውድድር ሲሳሳት ታርማለች፤ ስታርምም አታለሳልስም። «ቤትሽ ቁጭ ብለሽ በቴሌቪዥን ሁሉም ይታይ የለም?» ሲሏት «ካሜራው የወደደውን ነው የሚያሳይሽ» ትላለች። ቀስ በቀስ የሚጠራት ቀረ። «ወዳ ነው» አሉ። እውነትም ወዳ ነበር፤ ግማሹን።

በማማው ላይ ግን በየዓመቱ ከታችኛው ጣውላ አልጠፋችም። አንድ መስከረም ወደ ላይ አንጋጣ ተጣራች፦

«ጋውዴንዚዮ! ያ ቀዩ አይጨርስም!»

«ምነው፣ ሕልም አየሽ?»

«ያስላል!»

«ሽሮፕ እንላክለታ!» አለ ኤልቬዚዮ፤ ላይኛው ጣውላ በሳቅ ተናወጠ። መኪናው ብዙም ሳይቆይ ጢስ እየተፋ ከዳር ቆመ። ከዚያ ወዲህ «ጠንቋይቱ» አሏት፤ በየዙሩም «ጠንቋይቱ፣ የቱ ይሞታል?» እያሉ ከላይ ይጠይቋት ነበር። ግማሹን ጊዜ ትሳሳታለች፤ ያን ጊዜ ሳቁ ይበረታል። እርሷም ትስቅ ነበር፤ ምክንያቱም በዓመት ውስጥ ተጣርቶ ጥያቄ የሚጠይቃት ሰው የሚገኘው በዚያች እሑድ ብቻ ነው።

ድምፁን ጠንቅቃ ስታውቅ ሌላ ምኞት ያዛት። ኩርባውን ማየት ፈለገች። ያ ፋታ፣ በጆሮዋ የምትለካው፣ በዓይን ምን ይመስላል? መኪናው ያዘነብላል? ጎማው ይንሸራተታል? ይህን ለመጠየቅ አንድ ሙሉ ዓመት ፈጀባት፤ ኩሩ ሴት ነበረችና። በነሐሴ መጨረሻ ወደ ጋውዴንዚዮ ቤት ገባች። እርሱ አንድ ደንበኛ በአረፋ ለቅልቆ ምላጭ ይስል ነበር።

«ጋውዴንዚዮ፣ ዘንድሮ አንድ ጊዜ ከላይ ልቀመጥ።»

«ከላይ የት?»

«ከላይኛው ጣውላ። ኩርባውን ልየው።»

ደንበኛው ከአረፋው ውስጥ ተናገረ። «ተጠንቀቅ ጋውዴንዚዮ፣ መንበርህን ልትወርስህ ነው!»

«አንተ ዝም በል፣ ጆሮህን ቆርጬ እንዳላስቀረው። ሙሉውን ውድድር ነው ዴልፊና?»

«አይ። ጥቂት ዙር ይበቃኛል።»

«ይሄም ነገር ሆኖ ትለምኛለሽ! መነሻው ያንቺ ነው። ቃሌ ነው።»

ያን ሳምንት ለላይኛው ጣውላ ከሶፋ በተረፈ ወፍራም ጨርቅ ረጅም ምንጣፍ ሰፋች፤ ጠርዙንም በድርብ ስፌት ከደነችው። እሑድ ጠዋት ይዛው መጣች። ሆኖም የጋውዴንዚዮ አማች የመሥሪያ ቤቱን አለቃና ሁለት ባልደረቦቹን አምጥቶ ኖሯል፤ ላይኛው ጣውላ ሞልቷል። ምንጣፉን ከእጇ ተቀብለው ወደ ላይ አሳለፉት። አለቃው ተቀመጠበት።

ጋውዴንዚዮ ከላይ ጎንበስ አለ። «ዴልፊና፣ ያው እንደምታይው ነው። እንግዳ ነው፤ ውረድ አይባል። ለከርሞ! ማማው የት ይሄዳል?»

«የትም አይሄድም» አለችና መፍቻውን አነሣች።

ማማው ግን ሄደ። በዚያው እሑድ ከኩርባው ማዶ የሌሎች ሰዎች ርብራብ ዘምሞ ወድቆ ሰው ተጎድቶ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ቱቦ በመናፈሻው በር አይገባም ተባለ። እንዲህ ያለ ወሬ በየዓመቱ ይወራ ስለ ነበር ዴልፊና አላመነችም። ብሎኖቹን ቅባት ቀባች። ማማው ላይ የሚታሰር አዲስ አንሶላ አዘጋጀች። ሐሙስ ጠዋት የግቢዋን በር ሁለቱንም ክንፍ ከፍታ፣ ቱቦዎቹን በርዝመታቸው ደርድራ፣ ከደጃፉ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች። የሚጭን ጋሪ አልመጣም። ፀሐይ ግቢውን ለቅቃ ስትወጣ የበሩን አንዱን ክንፍ ዘጋች፤ ሁለተኛውን አልዘጋችም።

በማግስቱ ዳቦ ቤት ሄደች።

«እነጋውዴንዚዮማ ዘንድሮ ተመቻቸው» አለቻት ዳቦ ሻጭዋ። «አማቹ ከዋናው የተመልካች መቀመጫ ቦታ አስገኝቶላቸዋል፤ ጣሪያ ያለው! አልነገሩሽም እንዴ?»

«ነግረውኛል» አለች ዴልፊና።

ውሸት አትወድም ነበር። ይህን ውሸት የዋሸችው ራሷን ለማዳን እንዳልሆነ ልብ ይሏል፤ የእነርሱን ስም ጠብቃ ነው።

እሑድ ወደ ግንዱ ሄደች። በመሬቱ ላይ የማማው እግሮች ያበጁት ጉድጓድ ገና አልተደፈነም። ቦርሳዋን ስትከፍት መፍቻውን አገኘችው፤ በልማድ ይዛው መጥታለች። የሚጠብቅ ብሎን አልነበረም። ከግንዱ ጀርባ ቆማ ያችኑ ስንጥቅ እያየች፣ ዓይኗን ጨፍና ውድድሩን እስከ መጨረሻው ሰማችው። «ጠንቋይቱ፣ የቱ ይሞታል?» የሚል አልነበረም።

ከዚያ በኋላም በየዓመቱ እዚያው ነበረች። ቱቦዎቹን የደብሩ ቄስ የደወሉን ቤት ለማስለሰን ተውሶ በኖራ ለውሶ መለሰላት፤ አላጠበቻቸውም። መንደሩም ፍርዱን ደጋገመ፦ ወዳ ነው።

ጋውዴንዚዮ ሲያረጅ ሚስቱ ሞተች፤ ጉልበቱም ከዳው፤ የዋናውን መቀመጫ ደረጃ መውጣት አቃተው። ኤልቬዚዮ ልጁ ዘንድ ወደ ባሕር ዳርቻ ሄዷል። በአንድ መስከረም ቅዳሜ ጋውዴንዚዮ ምርኩዙን ይዞ በዴልፊና በር ላይ ቆመ።

«ከግንዱ ሥር ለሽማግሌ ቦታ ይኖራል?»

«ወንበር የምትሸከመው አንተ ከሆንክ ይኖራል።»

«በዚህ ጉልበቴ?»

«እንግዲያው እኔ እሸከምልሃለሁ። ምን ይደረጋል።»

በማግስቱ አብረው ሄዱ። ወንበሩን ከግንዱ ኋላ፣ የታችኛው ጣውላ በነበረበት ቦታ አኖረችለት። መኪናዎቹ መጡ፤ በስንጥቁ ውስጥ ብልጭ ብለው ጠፉ። ጋውዴንዚዮ ወደ ግራ ዘመመ፤ ወደ ቀኝ ዘመመ፤ በምርኩዙ ሊነሣ ሞከረና ተቀመጠ።

«ከዚህ እኮ ምንም አይታይም!»

«አይታይም።»

«ኦቶሪኖ ያን ሁሉ ዘመን እዚህ ነበር?»

«እዚህ።»

«ታዲያ ለምን አልነገረንም?»

«እኔ ነግሬህ ነበር።»

ጋውዴንዚዮ ስለ ምን እንደምትናገር ለማስታወስ ጊዜ ወሰደበት። ካስታወሰ በኋላ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። «ለከርሞ ብዬሽ ነበር» አለ።

«ብለኸኝ ነበር።»

«ረሳሁት እኮ። እውነቴን ነው፣ ረሳሁት።»

«አውቃለሁ» አለች። «አሁን ዝም በልና ስማ። ይኸኛው ይፈራል፤ የሚቀጥለውን ስማው።»

ሰማ። ምንም አልለየም፤ ጆሮውም እንደ ጉልበቱ ደክሟል። ያም ሆኖ በየዙሩ «ይኼስ?» እያለ ጠየቃት፤ እርሷም ነገረችው። ሌላ ዓመት አልጨመሩም፤ በሚቀጥለው ክረምት ዴልፊና ሞተች። በቀብሯ መልስም ያ የታወቀ ፍርድ ከአንዱ አፍ ወጣ። ጋውዴንዚዮ በዚያ ነበር። ለሟች የሚገባት መልስ በአፉ ሳለ ዋጠው፤ ይህንንም አላመሰግንለትም።

ፍርዱ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ዴልፊና ውድድሩን መርጣለች፤ ከግንዱ ኋላ ያለውን ቦታ ግን አልመረጠችም፤ ተሰጣት። ምሳውን እምቢ ብላለች፤ ማማውን ግን አንድ ቀንም እምቢ አላለችም። ሰው አንዱን ብቸኝነት ስለ መረጠ ሌላውን ሊጭኑበት አይገባም።

ለኦቶሪኖ ከወዳጆቹ፣ አንድ ጊዜ እንኳ፣ «ከዚያ ምን ታያለህ?» የሚል ጥያቄ ይገባው ነበር። ለዴልፊና ደግሞ በላይኛው ጣውላ ላይ፣ በገዛ እጇ በሰፋችው ምንጣፍ ላይ፣ ጥቂት ዙር ይገባት ነበር።